ሦስተኛው ቤት

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሻይ ታድሎ ሲያበቃ፣
በአረጋውያኑ መኖሪያ ሳሎኑ ሲነቃ፣
ኖርማ መነጽሯን በቀሚሷ ጠርጋ
ወደ ቴሌቪዥኑ ትላለች ጠጋ።

ፕሮግራሙ አንድ ነው፤ ሰዎቹ ይለያያሉ፤
ከተማ ሰልችቷቸው ገጠር ቤት ያያሉ።
ሦስት ቤት ይዞራሉ። በየቤቱ ደጃፍ
ባለ ቀይ ሻርፗ፣ ንፋስ ፀጉሯን ሲያርገፈግፍ፣
«ገምቱ እስቲ፣ ስንት ነው?» ብላ ፈገግ ስትል
ኖርማ ቁጥር ትወረውራለች፣ ብስኩቷን ሳትጥል።

ኢድዋል ግን አይገምትም፤ ጥግ ይዞ ያንጎላጃል፤
በዌልስ ተራሮች ላይ በግ ሲያረባ አርጅቷል።
ሚስቱን ከቀበረ፣ ቤቱን ከሸጠ ወዲህ
ሁለት ክረምት አልፏል፣ በዚህ ወንበር፣ እዚህ።

(እኔም ይህን ስጽፍ ቤት ፈላጊ ሆኜ
ስንቱን ቤት አንኳኳሁ፣ በስንቱ ባዝኜ፤
የሞላልኝ ቤት ግን ጥቂት ነው። ይቅር።
ወደ ኢድዋል ልመለስ፣ ከብርድ ልብሱ ሥር።)

የዛሬዎቹ ጥንዶች የበርሚንግሃም ናቸው፤
ዴዝመንድና ማርሲያ፣ ጡረታ ደርሷቸው፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ እሱ አውቶብስ ነድቶ፣
የእሷም እንቅልፍ ሁሉ በነርስነት ወጥቶ፣
አሁን ጸጥታ አማራቸው፤ ትንሽ ጓሮ፣ ዶሮ፣
ከመስኮት ባሻገር ሰው የሌለበት ኑሮ።

አንደኛው ቤት ጠበበ። ሁለተኛው ራቀ።
ሦስተኛው ሲመጣ ብርድ ልብስ ወደቀ።

«የእኔ በር ነው!» አለ። «ቀለሙን ማን ነካው?
አረንጓዴ ነበር፤ ማን ነው አመድ የቀባው?»
ማንም አልመለሰም። ባለ ሻርፗ ገባች፤
ምድጃውን ዳብሳ «ውበት አለው» አለች።

ውበት! በዚያ ምድጃ፣ በየካቲት በረዶ
ስንት ግልገል ተርፏል፣ እናቱን ብርድ ወስዶ።
ኔስታ በፎጣ ጠቅልላ፣ የታችኛውን ሆድ ከፍታ
እንደ ዳቦ ትከተዋለች፣ ድምፁ እስኪሰማ ማታ።

ግድግዳውን አንኳኳች፦ «ይህ ቢፈርስ ብርሃን ይገባል።»
ኢድዋል አንገቱን ደፋ፦ «ንፋስም ይገባል።»

«ገምቱ እስቲ!» ዴዝመንድ አሰበ፣ አገጩን አሸ፤
«አራት መቶ ሺህ?» አለ፣ ድምፁ እየሸሸ።
ኖርማ ግን ዛሬ ዝም። ቁጥር አልጠራችም፤
ኢድዋልን ታየዋለች፤ ብስኩቷን አልነካችም።
እሱ በአራት ሺህ ፓውንድ፣ ባንድ አውራ በግ ጭማሪ፣
መዳፍ በመዳፍ መትቶ ገዛው፣ ያለ ውል፣ ያለ መስካሪ።

ማርሲያ ወደ ላይ ወጣች። አራተኛው ጣውላ
ሲጥ አለ። ሳቀች፤ ደገመችው፣ እንደ ልጅ ብላ።
ከላይ፣ ከጠባቧ መስኮት አጠገብ ቆመች፤
አስጎብኚዋ ታወራለች፤ ማርሲያ ግን አልሰማች።
ካሜራው ፊቷን አየ። የምታየውን አላየም።
ሦስት ሰኮንድ ያህል፤ ከዚያ በላይ አልቆየም።

ኢድዋል ግን ያውቀዋል። ከዚያች መስኮት ቁልቁል
መንገዱ ይጠማዘዛል በድንጋይ አጥር መሐል፤
ኔስታ በጨለማ የባትሪውን ብርሃን
እዚያ ቆማ ጠብቃለች፣ ስንትና ስንት ዘመን።

አልገዙትም። «እናስብበት» አሉ፣ እንደ ሁሉም ሰው፤
ሙዚቃው ተነሣ፤ የስም ዝርዝር ቤቱን አለበሰው።
የተቀረጸው አምና ነው። ከዚያ ማን እንደገባበት፣
ማን «ቤት ለእምቦሳ» እንዳለ፣ ማን እምቦሳ እንዳሰረበት
ማን ይነግረዋል?

ማታ ሴይንዌንን፣ ተረኛዋን፣ ወረቀት ጠየቃት፤
«ለማላውቅህ ባለቤት፣ ብለሽ ጻፊ» አላት፤
«ግድግዳውን እንደ ፈለግህ። በሩንም ቀባው።
የላዩን ቧንቧ ውርጭ ሲመጣ በጨርቅ ጠቅልለው።
አራተኛውን ደረጃ ግን አደራ፣ አትጠግነው፤
ማታ ማን እንደገባ የሚነግርህ እሱ ነው።»

በማግሥቱ ዘጠኝ ሰዓት ሌላ በር ተከፈተ፤
አዲስ ጥንድ፣ አዲስ ቤት። ኢድዋልም ገመተ።
ኖርማ «አምስት መቶ!» ስትል ራሱን ነቀነቀ፤
«ውድ ነው። ደረጃው ዝም ይላል» አለ፤ ብስኩት ጠየቀ።